ግራ ጆሮዬን ለኮምፒውተሩ

ሰኞ

«አጠገብሽ ያለው ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም የለም» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ባለቤቴ ታምራት ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል፤ ሲተኛ ደግሞ አያንኮራፋም፣ አይገላበጥም።

«እየሰማሁት እኮ ነው! በእንግሊዝኛ ያወራል። ይኸው፣ ስሜን ጠራ!»

ዘጋችው።

ከሥልጠናው በኋላ ብቻዬን ስልክ ማንሳት የጀመርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ክሊኒኮች በስልክ ቀጠሮ የሚይዝ ድርጅት አለ። እኔ ሰበታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የደወለውን በአማርኛም በኦሮምኛም አነጋግራለሁ፣ የነገረኝን ኮምፒውተሩ ላይ እሞላለሁ። የሁለት ሳምንት ሙከራ ነው። ከዚያ ወይ ይቀጥሩኛል ወይ ያሰናብቱኛል። ዓይነ ስውር መሆኔን ያውቃሉ። ያውቃሉ ማለት ሰምተዋል ማለት ነው፤ እንዴት አድርጌ እንደምሠራ የጠየቀኝ ግን የለም።

የምሠራው በጆሮዬ ነው። ላፕቶፔ ላይ ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውንም፣ እኔ የምጽፈውንም እየተከተለ ያነብልኛል። እኔ «አንባቢው» ነው የምለው። የወንድ ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ወያላ እንዲፈጥን አድርጌዋለሁ። ድርጅቱ የሰጠኝ ሄድሴት ላፕቶፑ ጎን ላይ ካለችው አንዲት ቀዳዳ ይሰካል። የደዋዩ ድምፅም የአንባቢው ድምፅም በዚያች ቀዳዳ ይመጣል፣ የእኔም በዚያችው ይሄዳል።

ሴትየዋ የደወለችው ከሱሉልታ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሴት ሐኪም ካለች ብላ ጠየቀች። ምን እንደሚያማት ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እስከዚያ በአማርኛ ስታወራ ቆይታ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ በኦሮምኛ አለቻት፤ ሐርመ። ጡቷ ነው። እብጠት አግኝታለች። «ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም» አለች። እኔ ጻፍኩ፤ አንባቢው ስሟን አነበበ፣ በእንግሊዝኛው ጡት አለ፣ እብጠት አለ። እሷም ሰማችው።

ከዘጋች በኋላ የራሴን ድምፅ ቀዳሁና መልሼ አዳመጥኩት። እውነቷን ነው። ከእኔ ድምፅ ሥር፣ ቀጭን፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንደታሰረ ንብ፣ አንባቢው አለ።

ማክሰኞ

የሞከርኳቸው፦

ቮልዩሙን ቀነስኩ። አንባቢው ለእኔም አልሰማ አለኝ።

ማይኩን ከአፌ አራቅኩት። ምንም ለውጥ የለም። ድምፁ በአየር አይደለም የሚያልፈው ማለት ነው።

የምጽፈውን ፊደል በፊደል እንዳያነብ ዘጋሁት። ስሞቹን በሙሉ ተሳሳትኩ።

ሌላ ሄድሴት፣ የታምራትን የስልክ ኤርፎን ሰካሁ። ያው ነው።

ከሰዓት በፊት ሜሮን ደወለች። ሜሮን የቡድናችን ኃላፊ ናት፤ አዲስ አበባ ቢሮ ነው ያለችው። የምናነሳቸው ስልኮች ይቀዳሉ፤ የትናንቱን ሰምታዋለች።

«አያንቱ፣ ቤትሽ ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

አስረዳኋት። ለማስረዳት የፈለግኩትን ያህል አጭር አልሆነልኝም። ስጨርስ «ይገባኛል» አለች። ስትል ግን የገባት አይመስልም። ከዚያ በደህና ቃል እንዲህ አለችኝ፦ ችግሩ እስኪስተካከል ስልክ አይገባልኝም። ዓርብ ከእኔ ጋር ሆና ትሰማለች። ዓርብ ድምፁ ካለ «በሌላ መንገድ እናስብበታለን።» ይህን «ሌላ መንገድ» ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ሰው ሁሉ በትህትና ነው የሚያሰናብተኝ።

ታምራት ነቅቶ ነበር። ሲያወራ ይጮሃል፤ ሽመና ክፍል ውስጥ ከማሽኑ በላይ ለመሰማት የለመደው ነው። «እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ላንብብልሽ! አንባቢውን ዝጊው። አሁን ቀን ቀን ቤት ነኝ።»

«መቼ ልትተኛ?»

«ለሁለት ሳምንት ብቻ አይደል? ልቻለው።»

«ከሁለት ሳምንት በኋላስ?»

ሰዎች ሐኪም ብቻ ይሰማዋል ብለው የሚነግሩኝን ነገር ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ እንደማያነብ ነገርኩት። ይህ ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላውን ግማሽ አልነገርኩትም። ይህን ሥራ ብቻዬን መሥራት እፈልጋለሁ። ተቀየመኝ መሰለኝ፤ ሹራቡን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ።

ገመቹ ጋ ደወልኩ። ገመቹ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ቡራዩ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። ከእኔ ይልቅ ለኮምፒውተር ቅርብ ነው፣ ይህንንም ሳልጠይቀው ያስታውሰኛል። ሳቀብኝ። «ላፕቶፕሽ ያፈሳል» አለ። የጆሮውና የማይኩ መስመር በአንድ ቀዳዳ ተጠጋግተው ስለሚያልፉ፣ በርካሽ ላፕቶፕ የአንዱ ወደ ሌላው ይሾልካል። መፍትሔው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው፤ ጣት የምታክል ነገር ናት፣ ዩኤስቢው ላይ ትሰካለች፣ ሄድሴቱ እሷ ላይ ይሰካል፣ የላፕቶፑን የውስጥ ድምፅ ትቶ በራሷ ትሠራለች። ትርፍ አለችው።

«ነገ ነይና ውሰጃት» አለኝ።

ረቡዕ

ቡራዩ ሄጄ መጣሁ።

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ከታ፣ ገመቹ ያለበት የቡራዩ ሰፈር። በእያንዳንዱ መውረጃ ላይ አንድ ሰው እጄን ይዞ ልሂድ ያላልኩበት ወሰደኝ። ጦር ኃይሎች ላይ አንዲት ሴት መንገድ አሻግራኝ ስትጨርስ «ቡራዩ ታክሲው እኮ ወዲያ ማዶ ነው» ብላት መልሳ አሻገረችኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

ከታ ከሰበታ ይበርዳል። ንፋሱ ከገፈርሳ በኩል ሲመጣ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ነው። ገመቹ በር ላይ ቆሞ በትሩን ሲያንኳኳ ነው ያገኘሁት። «አካም ጅርተ፣ አያንቱ ደዋይዋ!» እያለ።

«ዛሬስ ደዋይም አይደለሁም» አልኩት።

ካርዷ እንደተባለችው ናት። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏት፣ አንዱ ለጆሮ አንዱ ለማይክ፤ የእኔ ሄድሴት ባለ አንድ መሰኪያ ስለሆነ ገመቹ ለሁለት የምትከፍል አጭር ገመድ ጨምሮ ሰጠኝ። ሰካን። የራሴን ድምፅ ቀዳሁ፣ አንባቢው ከኋላ እየለፈለፈ። መልሰን ስናዳምጠው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ደጋግመን ሰማነው። ከእኔ ሌላ ምንም የለም። አንድ ነገር ተሳካልኝ ብዬ ጽፌ ላስቀምጥ፤ ዛሬ ተሳካ።

ገመቹ ሁሉንም ነገር በካርዷ በኩል አድርጊው አለኝ፤ ደዋዩንም አንባቢውንም። የላፕቶፑን የራሱን ድምፅ ደግሞ ከነጭራሹ ዝጊው። «ሁለቱን ክፍት ከተውሻቸው አንድ ቀን ይምታቱብሻል። ኮምፒውተሩ ምርጫ ባገኘ ቁጥር የማትፈልጊውን ነው የሚመርጠው።» እሱ ዓመታት እንዲህ ነው የሠራው። እዚያው ቁጭ ብለን ዘጋነው።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ ካርዷን በእጄ ይዣት ነበር። ቦርሳ ውስጥ ብትገባ የምትጠፋ መሰለኝ።

ሐሙስ

ይህን በብሬል ነው የምጽፈው። ላፕቶፑ ዲዳ ሆኗል።

ጠዋት ጥሩ ነበር። ቅጾቹን ስለማመድ ቆየሁ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ወንበሬን ሳስጠጋ ጉልበቴ ጎን ላይ የወጣችውን ካርድ ነካት። ዝም አለ። ነቅዬ ሰካኋት። ዝም። ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሰካኋት። ዝም። አጥፍቼ አበራሁት። ማሽኑ ሲነሳ በጣቴ ይሰማኛል፣ ይርገበገባል፤ ድምፅ ግን የለም። የራሱን ድምፅ ደግሞ ትናንት ራሴ ዘግቼዋለሁ። መልሼ እንዳልከፍተው ስክሪኑ ላይ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ የለም።

ለሚያይ ሰው የድምፅ መጥፋት ማለት ዘፈን መቋረጥ ነው። ለእኔ ግን ቤቱ ከነመግቢያው መጥፋት ነው።

ገመቹ ስልክ አያነሳም፤ ክፍል ውስጥ ነው። ታምራት ከገባ ብዙም አልቆየም። ነገ ዓርብ ነው። ነጥቦቹን የምወጋበት ስታይለስ እጄን አሳመመኝ። ይበቃል።

ከሰዓት፣ በላፕቶፑ።

ቀሰቀስኩት። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው፤ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም፣ ፋብሪካ ፋብሪካ ይሸታል። እንዲህ እናደርጋለን አልኩት፦ የትኞቹን ቁልፎች እንደምጫን በቃሌ አውቃለሁ። እኔ እጫናለሁ፤ አንተ ቀለሙ የተለየው መስመር ላይ ምን እንደሚል ታነብልኛለህ።

ተጫንኩ። «ምን ይላል?»

ወደ ስክሪኑ ሲጠጋ ወንበሩ ተንቋቋ።

«ታሜ፣ ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው።»

«አውቃለሁ። አንብብልኛ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሲያወራ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ «ኤስ» አለ። «ከዚያ ኦ። ከዚያ ዩ። ኤን። ዲ።»

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። እየቀለደ አልነበረም።

ከስድስተኛ ክፍል እንዳቋረጠ ገና ሳንጋባ ነግሮኛል። አማርኛ እንደ ውኃ ነው የሚያነበው፤ የቤት ኪራይ ውላችንን ያነበበልኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛውን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለምን አስባለሁ? ፋብሪካውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ እኛም ቤት በአማርኛ ነው የምንኖረው።

«ሳውንድ ነው» አልኩት። «ድምፅ ማለት ነው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን። ቀጥል።»

ቀጠልን። እኔ ወደ ታች አንድ እጫናለሁ፣ እሱ ፊደሎቹን ይጠራል፣ እኔ እገጣጥማለሁ። አንዳንዴ ቢ እና ዲ ይምታታበታል፣ ተመልሶ ያርማል። ያቺን የዘጋኋትን መስመር ስናገኝ «ኢ፣ ኤን፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኢ» አለ። ኢኔብል፤ ክፈት ማለት ነው። ተጫንኩ። የላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ጮኸ፣ አንባቢው እንደ ወትሮው ከመሐል ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መንጫጫት ቀጠለ። ታምራት ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

ትንሽ ቆይቼ ጠየቅኩት። «ማክሰኞ ላንብብልሽ ያልከኝ እንዴት አድርገህ ነበር?»

«እንደዚሁ ነዋ። ፊደል እየጠራሁ።»

«ደዋዩ ስልክ ይዞ እየጠበቀ?»

«ቀስ እያልን…» አለና መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔ ቀጥዬ ሳቅኩ። ከዚያ አከራያችን አዴ ብርቂ በመስኮት ምን ተገኘ ብላ ጠየቀችን። የሚነገር ነገር አልነበረም።

ተመለስና ተኛ ብለው እምቢ አለ። እኔም ማስገደድ አልፈለግኩም።

ካርዷ አልተበላሸችም፤ ስትነቀል ኮምፒውተሩ ዘግቷት ነበር፣ እሷንም ከፈትኳት። አሁን ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ የላፕቶፑ የራሱም ካርዷም። ለመዝጋት እጄን ሰነዘርኩና ተውኩት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። ከዚያ ሌላ ነገር መጣልኝ። አንባቢውን በላፕቶፑ ቀዳዳ ባደርገው፣ በታምራት ኤርፎን፣ ግራ ጆሮዬ ላይ ብቻ። ደዋዩንና ማይኩን በካርዷ ባደርግ፣ በሄድሴቱ፣ ቀኝ ጆሮዬ ላይ። የሚሾልክበት የጋራ ቀዳዳ አይኖራቸውም።

ሠራ። ታምራት ግቢ ወጥቶ በስልኩ እየደወለ በሽተኛ ሆነ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎ?» እለዋለሁ።

«ጆሮዬን» ይላል። «ምን አልሽ?»

«ጆሮዎን!»

«አዎ እሱን።»

ግማሹ ቀልድ አይመስለኝም። አንድ ቀን እውነተኛ ቀጠሮ እይዝለታለሁ።

ዓርብ

ሜሮን መስመሩ ላይ ሆና ስትሰማኝ ዋለች። ካርዷን ጉልበቴ በማይደርስበት በኩል ሰክቼ በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣብቄያታለሁ።

የመጀመሪያውን ጥሪ አበላሸሁ። ከሆለታ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ በኦሮምኛ። ምርቃት ይወዳሉ። እሳቸው ቀኝ ጆሮዬ ላይ ሲመርቁኝ አንባቢው ግራ ጆሮዬ ላይ ክፍት የሆኑትን ሰዓቶች ይዘረዝራል። ሰዓቶቹን ስይዝ ሽማግሌው ያሉኝ ቀን አመለጠኝ።

«ኦቦ፣ የትኛውን ቀን ነው ያሉኝ?»

«ሰው እያዋራሽ ሌላ ነገር ትሰሚያለሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሜሮን ሳቋን ስትይዘው በትንፋሿ ታወቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ብልሃቱ ገባኝ። ሁለቱን እኩል ለመስማት መሞከር አይደለም። ሰውየውን መስማት ነው፤ አንባቢው እንደ ዝናብ ይሁን፣ የምፈልገው ቃል ሲመጣ ራሱ ይነካኛል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይበልጡን ተሳካ።

መጨረሻ ላይ ሜሮን «ድምፁ ጭራሽ የለም» አለች። ቀጥላ «ግን ከሌሎቹ ትዘገያለሽ፣ አያንቱ። ልደብቅሽ አልፈልግም።» አልደበቀችኝም። ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው።

ለሱሉልታዋ ሴት መልሼ ልደውልላት እችል እንደሆን ሜሮንን ጠየቅኳት። ድርጅቱ ለዘጋ ሰው መልሶ አይደውልም። ሜሮን አሰበችና «ደውዪ፤ ግን የምትናገሪውን እወቂ» አለችኝ።

ደወልኩ። ወንድ አነሳ።

«ማን ልበል?» አለ። አነጋገሩ ቸኩሏል።

ከቀጠሮ ድርጅቱ ነኝ ብል የምን ቀጠሮ ይላል። ስሟን ብጠራ ለምን ፈለግሻት ይላል። «ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቻለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ቅዳሜ

ታምራት እረፍት ነው። ሐሙስ ያያቸውን ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ንገሪኝ አለኝ። ኢኔብል፣ ክፈት። ዲሴብል፣ ዝጋ። ዲፎልት።

«ዲፎልት ምንድነው?»

«ሌላ ካልተመረጠ በራሱ የሚሆነው።»

«የሌሊት ፈረቃ በይኛ!» አለ። ሌላ ሰው ካልተገኘ የሚመድቡት እሱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳይሳሳት ሲጽፋቸው ሰማሁ፤ እየጻፈ ፊደሎቹን ይጠራል። ልብስ አጠብኩ። ዝናብ መጣ፣ ገመዱ ላይ ያሰጣሁትን ሁሉ መልሼ አስገባሁ።

እሁድ

ገመቹ ደወለ። በሁለቱም እንደምሠራ ስነግረው ቅር አለው። ካርዷ በቂ ናት፣ ላፕቶፑ አያስተማምንም፣ ሁለት ድምፅ በሁለት ጆሮ ራስ ያፈርሳል፣ እያለ ዘረዘረ። ሐሙስ የላፕቶፑ ድምፅ የጠፋው በእሱ ምክር መሆኑን አልነገርኩትም፤ ለማንም አይጠቅምም። ስለ ራስ ምታቱ ግን ልክ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን በግራ በኩል አሞኛል።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ካርዷን ልመልስልህ? «ያዢያት» አለ። «ግን በትክክል ተጠቀሚባት።»

ሰኞ

ለሱሉልታዋ ሴት ደወልኩላት። ጠዋት ወንዶች ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቄ። ራሷ አነሳች።

«ከክሊኒክ ቀጠሮ ነው። ባለፈው ደውለው ነበር። አሁን ማውራት ይችላሉ?»

«ቆይ» አለች። እርምጃ፣ የቆርቆሮ በር፣ ከዚያ ንፋስ። «ዓርብ የደወልሽው አንቺ ነሽ? የባሌ ወንድም ነው ያነሳው። ተሳስታ ነው አለኝ፣ ዝም አልኩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰውዬው አሁንም አጠገብሽ አለ?»

ምን እንደምላት ቅዳሜና እሁድ ሳዘጋጅ ነበር። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ሰው አይደለም» አልኳት። «ኮምፒውተር ነው። እኔ ዓይኔ አያይም፣ የጻፍኩትን እሱ ነው የሚያነብልኝ። ድምፁ ወደ እርስዎ መድረስ አልነበረበትም። ደረሰ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን አይሰማም።»

የዘጋችው መስሎኝ ነበር፣ ንፋሱ ግን ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ድምፁ?»

«ዓይንሽ።»

«ሕፃን ሆኜ። ኩፍኝ ነው።»

«አይ እናቴ» አለች። ከዚያ «እስቲ አሰሚኝ።»

«ምኑን?»

«ማሽኑን። ስሜን ይበለው።»

ይህ በሥልጠናው አልነበረም። ሜሮን ትሰማለች አትሰማም አላውቅም። ስሟን ጻፍኩ፣ ኤርፎኑን ከግራ ጆሮዬ አውጥቼ ማይኩ ላይ ያዝኩት፣ አስነበብኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ አንባቢው ሦስት ቦታ ሰባበረው።

ሳቀች። ጮክ ብላ አይደለም። «ይሄ የእኔ ስም ነው?»

«እሱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ያን ቀን ስሜ መሆኑን እንዴት አድርጌ እንደለየሁት እንጃ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

ለሱሉልታ ቅርብ የሆነውን ቀጠሮ ስነግራት እምቢ አለች። «እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል። ራቅ አድርጊልኝ።» ቡራዩ ሴት ሐኪም ረቡዕ ጠዋት አለች። ሩቅ ነው አልኳት፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ነው። ዘመድ ጥየቃ እላለሁ አለች። ሞላሁ፣ አንባቢው መልሶ አነበበልኝ፣ በግራ ጆሮዬ፣ ለእኔ ብቻ።

«ገለቶሚ» አለችኝ። እኔም አመሰገንኳት። ስትዘጋ ንፋሱም አብሮ ተዘጋ።

ማክሰኞ

ሜሮን ያን ጥሪ ሰምታዋለች። ስለ ኤርፎኑ «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለች። ከዚያ «ግን ደህና አድርገሻል» አለች። የትኛው ይመዘገባል ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ሁለት ስም ተሳሳትኩ፣ ሁለቱንም ራሴ አረምኳቸው። ካርዷ አልተነቃነቀችም። ታምራት ፈረቃው ወደ ቀን ስለዞረ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ለሥራ ጥሩ ነው፤ ለምሳ ግን አልተመቸኝም።

ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ የቡራዩን ክሊኒክ ገጽ እከፍታለሁ። ክሊኒኮቹ ሰው ሲመጣ እዚያው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አይቶ ማረጋገጥ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የተከለከለም አይደለም። ስሟ ላይ እደርሳለሁ፣ አንባቢው ስሙን ይሰባብርና «አልመጣችም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጨምርበታል። ሰዓቱ ሳይደርስም እንዲያ ነው የሚለው፤ አውቃለሁ። ሰዓቱ ደረሰ። አለፈም። አሁንም እንዲያ ነው የሚለው።

በመሐል ከገፈርሳ አንዲት እናት ልጃቸው ስላተኮሳት ደወሉ፣ ከመናገሻ አንድ መምህር ለወገቡ። አባቴ ያለው መናገሻ ስለሆነ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን። ከዚያ ከእኛው ከሰበታ አንዱ ክሊኒክ ሳይሆን የቤት ኪራይ መስሎት ደወለ። ሁሉንም በቀኝ ጆሮዬ ሰማኋቸው። ሁለቱን ልቤ ቡራዩ ሆኖ በጥድፊያ ነው ያስተናገድኳቸው፤ ሜሮን ብትሰማ ዛሬ መዘግየቴን ሳይሆን መቸኮሌን ታነሳብኝ ነበር።

ከእኩለ ቀን ትንሽ አለፍ ሲል ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ወደ ታች ተጫንኩ፣ ወደ ታች፣ ስሟ ላይ ደረስኩ። አንባቢው ስሙን ሰባበረ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ስለ ቮልዩም እንደሚናገረው አድርጎ፣ ደርሳለች አለ።

ደግሜ አስነበብኩት። ደርሳለች።

ሐኪሟ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ለዚያ እኔ የማነበው ገጽ ላይ ቦታ የለውም። ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፣ እንደዚያ መሆንም አለበት። እኔንም ዓርብ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ገጹን ዘጋሁት። ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዬን ወደ ላይ ሰቅዬ እንደነበር ያወቅኩት ሲወርድ ነው። ኤርፎኑንም ሄድሴቱንም ከጆሮዬ አወጣሁ። ውጭ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ፣ አዴ ብርቂ ዶሮዎቿን ትጣራለች፣ ምሳ አልበላሁም።